ናይጄሪያ፦ ብዙ ድምፅ ብቻውን ፕሬዚዳንት አያደርግም

ናይጄሪያ ውስጥ አንደኛ መውጣት ብቻ አይበቃም። ዕጩው ከ36ቱ ግዛቶች ቢያንስ በሁለት ሦስተኛው፣ በእያንዳንዳቸው ከተሰጠው ድምፅ ሩቡን ማግኘት አለበት። ልብ በሉ፣ ግዛቶቹን ማሸነፍ አይጠበቅበትም። ሩብ ይበቃዋል። ሐሳቡ፣ በሰሜኑ ወይም በደቡቡ ድምፅ ብቻ ቤተ መንግሥት እንዳይገባ ነው።

ጣጣው ሒሳቡ ላይ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. ግዛቶቹ 19 ነበሩ። የ19 ሁለት ሦስተኛ 12 ከሁለት ሦስተኛ ይመጣል። ግዛት እንዴት ይሸነሸናል? በዚያ ዓመት ምርጫ አንደኛ የወጡት ሼሁ ሻጋሪ ሩቡን የሞሉት በ12 ግዛቶች ነበር። ተፎካካሪያቸው ኦባፌሚ አዎሎዎ 13 ያስፈልጋል ብለው ተከራከሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ለሻጋሪ ፈረደ።

ዛሬ 36 ለሦስት ያለ ቀሪ ይካፈላል። ግን ሌላ ራስ ምታት መጣ፦ ዋና ከተማዋ አቡጃ። ሕገ መንግሥቱ «ከግዛቶቹ ሁለት ሦስተኛው እና የፌዴራል ዋና ከተማው» ዓይነት አባባል አለው። በ2023 እ.ኤ.አ. ምርጫ አንደኛ የወጡት ቦላ ቲኑቡ አቡጃ ላይ ሩቡ አልሞላላቸውም። ተቃዋሚዎች ያቺን «እና» ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ። መልሱ፣ አቡጃ እንደ አንድ ግዛት ትቆጠራለች እንጂ ብቻዋን ውጤት አትሽርም የሚል ሆነ።

መስፈርቱን የሚሞላ ከጠፋ ሁለተኛ ዙር አለ። እስከዛሬ ግን አልደረሱበትም።