«ልጆቹ እኮ ተኝተው ነበር» እና ስለ መጠለያ የሚባሉ ሌሎች ስህተቶች

አንዲት እናት ከባሏ ጥቃት ሸሽታ ከነልጆቿ ወደ መጠለያችን በገባች ቁጥር ስለ ልጆቹ ስጠይቃት የምሰማው መልስ ያው ነው፤ «እነሱ ምንም አያውቁም፣ ተኝተው ነበር።» እናትን አልወቅስም። ይህን ባታምን ያን ሁሉ ሌሊት እንዴት ታነጋው ነበር? የሚያናድደኝ ይህንኑ ከዘመድ፣ ከመምህር፣ አልፎ አልፎም ከባለሙያ አፍ ስሰማው ነው። ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸውና እመለስበታለሁ።

«መጠለያ የሚገባው የሚበላው ያጣ ነው።» ሐሰት። ሐኪምም፣ መምህርትም፣ ነጋዴም ተቀብለናል። ዘመድ ቤት የማይሄዱት ዘመድ አጥተው ሳይሆን ባልየው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የዘመድን በር ስለሆነ ነው።

«ካልመታት ጥቃት አይደለም።» ነው እንጂ! ደመወዟን የሚቀማ፣ ስልኳን የሚበረብር፣ ከእናቷ ጋር እንዳትገናኝ የሚከለክል ሰው እጁን ሳያነሳም እያጠቃት ነው።

«መጠለያ ትዳር ያፈርሳል።» ውሳኔው የእሷ ነው። እኛ የደኅንነት ዕቅድ አብረናት እናወጣለን፣ ከሐኪምና ከጠበቃ እናገናኛታለን። ተመልሳ ከሄደችም ዳግም ስትመጣ አንቆጣትም፤ ብዙዎች እስከ ወዲያኛው ከመውጣታቸው በፊት ወጥተው ተመልሰው ያውቃሉ።

«አንዴ ከወጣች አደጋው አለፈ።» ይህ እምነት ነፍስ ያስጠፋል። አደጋው የሚብሰው ልትወጣ ስትነሳና በወጣች ሰሞን ነው። አድራሻችንን የምንደብቀውም ለዚህ ነው። አንቋት የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ አንገቷ ላይ ምልክት ባይታይም ሐኪም ይያት፤ ማነቅ ወደ ግድያ ሊያመራ የሚችል ጥቃት ዋና ማስጠንቀቂያ ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ።

ጫማውን ሳያወልቅ የሚተኛ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረን። እናቱ «ልማዱ ነው» አለችኝ። አልከለከልነውም። በሦስተኛው ሳምንት ከእኔ ጋር በእንጨት ቁርጥራጭ ቤት ሲሠራ ሁለት በር አወጣለት። ሁለተኛው ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። «አባዬ በዚህ ሲገባ እኛ በዚያ እንድንወጣ» አለኝ። ከዚያ ቀና ሳይል አስረዳኝ፤ ቁልፉ ቀዳዳውን ቶሎ ካገኘ ሰላም ነው፤ በሩን እየፋቀ ከቆየ ጫማ ይደረጋል። «ተኝቶ ነበር» የተባለው ልጅ ይህ ነው።

ልጅ በጆሮው ያያል፣ ከእናቱ ትንፋሽ ያነባል። ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን እንኳ እንቅልፉ ይረበሻል፣ በትንሽ ድምፅ ይደነግጣል። ትልልቆቹ አልጋ ማርጠብ ይጀምራሉ፣ ሆዴን ይላሉ፣ ታናናሾቻቸውን ይመታሉ። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁሉም «እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» የሚለው ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ጨዋነቱ ፍርሃት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ «ለልጅ አልጋና ምግብ ይበቃዋል» አትበሉ። ልጅ የእናቱ ጓዝ ሆኖ አይገባም፤ የራሱ ክትትል ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ለፊርማ የቀረበው የኢስታንቡል ስምምነት፣ ማለትም በሴቶች ላይ የሚፈጸምና የቤት ውስጥ ጥቃትን ለመከላከል የወጣው የአውሮፓ ምክር ቤት ስምምነት፣ በአንቀጽ 26 ጥቃት ላዩ ሕፃናት ለዕድሜያቸው የሚስማማ የሥነ ልቦና ምክር እንዲሰጥ ያዛል። በተግባር ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በዚያው ክፍል፣ ከዚያው ሰው ጋር መጫወት። ነገ ምን እንደሚሆን አውቆ ለማያውቅ ልጅ ግን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ትምህርት ቤት እናዛውረዋለን፣ ያመለጠውን ክትባት እናስጨርሰዋለን። ከእናቱ ጋርም እናስቀምጠውና «ጥፋቱ ያንተ አይደለም» የሚለውን ከእሷው አፍ እንዲሰማ እናደርጋለን፤ ብዙዎቹ ጠቡ በእነሱ የመጣ ይመስላቸዋልና።

አባቱን ሊናፍቅ ይችላል። ፊቱ አባቱን አትስደቡ፣ ያየውንም ለማውጣጣት አትጠይቁት። ከተናገረ ስሙት፣ እንደምታምኑት ንገሩት።

ዘመድ ወይም ጎረቤት ከሆናችሁ ደግሞ «ለምን እስከዛሬ ቆየሽ?» ማለቱን ተዉትና እጅ የሚሞላ ነገር ሥሩ። የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ ቅጂ ያዙላት፣ መድኃኒትና ልጁ አቅፎ የሚተኛውን አሻንጉሊት እንዳትረሳ አስታውሷት። የእሷን ስልክ ፈትሾ የልጁን ታብሌት መርሳት የተለመደ ነው። አባትየው የሚያውቀው አካውንት ካለበት ወይም ያለበትን ቦታ የሚያሳየው ቅንብር ካልጠፋ፣ የደበቅነው አድራሻ በአንድ ጨዋታ ይወጣል። እሷ ከመነሳቷ በፊት ግን ቅንብሩንም አካውንቱንም አትነካኩ፤ የሚከታተልበት በድንገት ከጠፋበት ልትሄድ መሆኑን ያውቃል። ታብሌቱ ከበራችን ሳይደርስ ተዘግቶ ይምጣና እኛው እናስተካክለዋለን።