የፊልም ማሳያ ፈቃድ አመዘጋገብ በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት

አንድ የአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ዲቪዲ ሲገዛ የገዛው ዲስኩን ነው፤ ሰው ሰብስቦ ፊልሙን የማሳየት መብት አብሮት አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የቅጂ መብት ሕግ ሁለቱን ለይቷቸዋል። በአንቀጽ 109 መሠረት በሕጋዊ መንገድ የተገዛን ቅጂ ማዋስ ይቻላል። በአደባባይ ማሳየት ግን በአንቀጽ 106 ለባለመብቱ የተጠበቀ ነው፤ መግቢያው በነጻ መሆኑም ብቻውን ነገሩን አይለውጠውም። መምህር ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቹ ማሳየት እንዲችል አንቀጽ 110 ፈቅዷል። ይህ ግን ለትርፍ ላልቆመ ትምህርት ቤት እንጂ ቅዳሜ ከሰዓት የልጆች ፊልም ለሚያሳይ የሠፈር ቤተ መጻሕፍት አይሠራም። ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ጥሰት ፍርድ ቤት በአንድ የፈጠራ ሥራ እስከ 150,000 ዶላር ካሳ ሊወስን ይችላል።

ስለዚህ ፈቃድ ይገዛል። ስዋንክን የመሰሉ ኩባንያዎች ለአንድ ዝግጅት ብቻ የሚያገለግል ወይም የዓመት ፈቃድ ይሸጣሉ። የዓመቱ ፈቃድ የሚሸፍነው ከኩባንያው ጋር ውል ያላቸውን ስቱዲዮዎች ብቻ ስለሆነ፣ ፊልሙ የማን እንደሆነ ሳይጣራ ማስታወቂያ መለጠፍ አደጋ አለው። ዘጋቢ ፊልም አከፋፋዮች ደግሞ ብዙ ጊዜ የማሳያ መብቱን ጨምረው፣ ለተቋም በተለየ ከፍ ያለ ዋጋ ይሸጣሉ።

ዋናው ችግር ያለው ይህ ውድ መብት የሚመዘገብበት ቦታ ላይ ነው። ደረሰኙ በገዢው ሠራተኛ ኢሜይል ውስጥ ከቀረ፣ ሰውየው ሥራ ሲለቅ መብቱም አብሮ የጠፋ ያህል ነው። ማርክ በሚባለው የካታሎግ ቅርጽ ለዚህ የሚሆን መስክ አለ፤ ቁጥሩ 540 ነው። «የማሳያ መብት ተካቷል፤ ያለ መግቢያ ክፍያ፤ በግቢው ውስጥ ብቻ» ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። ፈቃዱ በምን ሥልጣን እንደተሰጠና እነማን እንደሚጠቀሙበት የሚሞላባቸው ንዑስ መስኮችም አሉት።

ግን ይህም ብቻውን አይበቃም። ለተቋም ከተሸጠው ዲስክ ጎን ሌላ ሰው የለገሰው፣ ለቤት ውስጥ መጠቀሚያ ብቻ የሆነ ቅጂ ሊጨመር ይችላል፤ በካታሎጉ ሁለቱም በአንድ መዝገብ ሥር ይገባሉ። ወይም ፈቃድ ያለው ዲስክ ይጫጫርና ከሱቅ በተገዛ ይተካል፤ ማስታወሻው ግን እንዳለ ይቀጥላል። በእኔ እምነት የእያንዳንዱ ቅጂ ባርኮድ ከፈቃዱ ጋር ተያይዞ መመዝገብ አለበት፤ የውሉ ቅጂም ማንኛውም የሥራ ባልደረባ ከፍቶ በሚያየው ፋይል ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ፊልሙ ያለ ዲስክ በኢንተርኔት በሚታይበት በስትሪሚንግ ደግሞ ጊዜው ራሱ መመዝገብ ይኖርበታል። ካኖፒን በመሳሰሉ አገልግሎቶች ፈቃዱ ለአንድ ወይም ለሦስት ዓመት ሊሆን ይችላል። የማብቂያው ቀን በመዝገቡ ካልገባ ፊልሙ ከተነሣ በኋላም የኢንተርኔት አድራሻው ካታሎግ ላይ ይቀራል፤ ለነገ ክፍለ ጊዜዋ የምትዘጋጅ መምህርት ማታ ስትጫነው ባዶ ገጽ ይጠብቃታል።