ፊደል አታሚ ቴሌግራፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ቴሌግራፍ መጀመሪያ በድምፅ ብቻ ነበር፤ ወረቀት በኋላ መጣ።»
ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሞርስ በ1844 ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር የላከው መልእክት የደረሰው በወረቀት ጥብጣብ ላይ በነጥብና በሰረዝ ተቀርጾ ነው። ኦፕሬተሮች ጆሯቸውን ማመን የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

«አታሚው ማሽን ለእያንዳንዱ ፊደል የተለየ ምልክት ይልካል።»
ዴቪድ ሂዩዝ በ1855 የሠራው ማሽን ይህን አያደርግም። እንደ ፒያኖ የተደረደሩ 28 ቁልፎች አሉት፤ የትኛውም ቢነካ በሽቦው የሚሄደው አንድ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ነው። ፊደሉን የሚለየው ምቱ የደረሰበት ቅጽበት ነው። በሁለቱም ጣቢያዎች ጠርዛቸው ላይ ፊደላት የተቀረጹባቸው መንኮራኩሮች እኩል ይሽከረከራሉ። ምቱ ሲደርስ በማግኔት ተይዞ የቆየው ብረት ይለቀቃል፤ በዚያች ቅጽበት ወረቀቱ ከታች ተነሥቶ የሚዞረውን መንኮራኩር ነክቶ ይመለሳል። የማተሙ ጉልበት የሚመጣው ከተንጠለጠለ ከባድ ክብደት ነው፤ ኤሌክትሪኩ መቀርቀሪያ ከመክፈት ያለፈ ሥራ የለውም።

ችግሩም እዚሁ ነው። መንኮራኩሩ በደቂቃ 120 ጊዜ ቢዞር ለአንድ ፊደል የሚደርሰው 18 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ በዚያች ታህል ቢዛነፍ ኤ የተላከው ቢ ሆኖ ይታተማል። ስለዚህ ከሥራ በፊት አንዱ ጣቢያ አንድ ፊደል ይደጋግማል። ተቀባዩ ጋ ፊደሉ ወደፊት እየሄደ ከታተመ ማሽኑ ፈጥኗል፣ ወደኋላ ከሄደ ዘግይቷል፤ ፍጥነቱም በዚያው ይስተካከላል። ትንሿን መዛነፍ ግን ማሽኑ ፊደል ባተመ ቁጥር ራሱ ያርማታል። የፈጠራው ብልሃት ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ነው።

«የአክሲዮን ዋጋ አታሚውን የፈጠረው ኤዲሰን ነው።»
አይደለም፤ በ1867 ኤድዋርድ ካላሃን ነው። ኤዲሰን ያሻሻለው ነው።

«ቴሌፕሪንተር (በሰሌዳ የተጻፈውን በሽቦ ልኮ ሌላ ጣቢያ ላይ የሚያትም ማሽን) የተጠቀመው የቦዶን ኮድ ነው።»
በከፊል። ኤሚል ቦዶ በ1874 ያስመዘገበው ማሽን 5 ቁልፎች ብቻ ነበሩት፤ 2ቱ ለግራ እጅ፣ 3ቱ ለቀኝ። ኦፕሬተሩ የማሽኑን ምት ጠብቆ ካልተጫነ ፊደሉ ይበላሻል። እያንዳንዱ ቁልፍ ይጫናል ወይም አይጫንም፤ ስለዚህ 5 ቁልፍ 32 ጥምረት ይሰጣል፤ ከፊደል ወደ ቁጥር መቀየሪያ ሲጨመርበት ለላቲን ይበቃል (ከ200 በላይ ቅርጽ ላለው የእኛ ፊደል ግን አይበቃም)። በ1901 ዶናልድ መሬይ የጽሕፈት መኪና ዓይነት ሰሌዳ አምጥቶ ጥምረቶቹን እንደገና አከፋፈላቸው፤ ፊደላቱ በወረቀት ጥብጣብ ላይ በቀዳዳ ይመዘገቡ ስለነበር፣ አዘውትረው የሚመጡት ጥቂት ቀዳዳ እንዲይዙና መብሻው ቶሎ እንዳያረጅ። በኋላ በቴሌፕሪንተር የተስፋፋው ኮድ መሠረቱ ይህ የመሬይ ድልድል ነው።