«ጂፒዩውን ለቨርቹዋል ማሽኑ ሰጥቼዋለሁ»፦ ስለ ግራፊክስ ትእዛዞች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ኬቪኤም በተባለው የቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ ላይ የጫነው ሊኑክስ መስኮት በጎተተ ቁጥር ይንቀራፈፍበታል፤ ፋኑም ያለማቋረጥ ይጮኻል። «ቪዲዮውን ቨርቲዮ አድርጌዋለሁ፤ ጂፒዩውን ሰጥቼዋለሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ?» አለኝ። ጂፒዩ ሥዕል የሚሠራው ቺፕ ነው፤ ቨርቲዮ ደግሞ ለቨርቹዋል ማሽን የተዘጋጀ የመሣሪያ ዓይነት። እንግዳው ማሽን ውስጥ (ቨርቹዋሉ እንግዳ፣ የሚያስኬደው ላፕቶፕ አስተናጋጅ ይባላል) የግራፊክስ መረጃ የሚያሳየውን ጂኤልኤክስኢንፎን አስነስተን «ሬንደረር» የሚለውን መስመር አየን፤ ኤልኤልቪኤምፓይፕ ይላል። ይህ ስም ከታየ ሥዕሉን የሚሠራው ሲፒዩው ብቻውን ነው፤ ጂፒዩው ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ቨርቲዮን መምረጥ ብቻውን አይበቃም። ቨርቹዋል ማሽኖችን በሚያስተዳድረው በቨርት-ማኔጀር የቪዲዮው ገጽ ላይ የስሪዲ (3D) ማፍጠኛውን ምልክት አደረግን፤ የእንግዳውን ስክሪን በሚያቀርበው በስፓይስ ማሳያው ደግሞ የኔትወርክ ማዳመጫውን አጥፍተን ኦፕንጂኤልን (ፕሮግራሞች ሥዕል የሚያዙበትን የትእዛዝ ስብስብ) አበራን። ማሽኑ ሲነሳ ያ መስመር «ቨርጅል» አለ፤ ይህ የእንግዳውን የሥዕል ትእዛዝ ለአስተናጋጁ ጂፒዩ የሚያስተላልፈው መንገድ ስም ነው፤ ፋኑም ዝም አለ።

ልጁ ደስ ብሎት «አሁን ጂፒዩው የሱ ሆነ» አለ። አልሆነም። ይህንና መሰሎቹን ከብዙ ሰው ስለምሰማ ላንሳቸው።

«ስሪዲ ከበራ ጂፒዩው የቨርቹዋል ማሽኑ ይሆናል»

ጂፒዩው ካለበት አይነቃነቅም። እንግዳው ማሽን የሚያየው ቨርቲዮ-ጂፒዩ የተባለ፣ ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያስኬደው ኪውኢሙ የተባለ ፕሮግራም በሶፍትዌር የፈጠረለት ካርድ ነው። እውነተኛውን ካርድ አውጥቶ ማስረከብ ፓስስሩ የሚባል ሌላ መንገድ ነው። እሱ መሣሪያን ለእንግዳው ማስረከብ የሚያስችል የሃርድዌር ድጋፍ (የኢንቴል ቪቲ-ዲ ወይም ኤኤምዲ-ቪአይ) ይጠይቃል፤ ካርዱም እንግዳው ይዞት እስካለ ድረስ አስተናጋጁን አያገለግልም።

ስለዚህ ቨርጅል የሚጠቀም ሰው የኤንቪዲያን ድራይቨር እንግዳው ውስጥ ለመጫን ሲታገል ማየት ያሳዝነኛል። እዚያ ውስጥ የኤንቪዲያ ካርድ የለም። የሚያስፈልገው የቨርጅል ድራይቨር ሜሳ ውስጥ አለ፤ ሜሳ ደግሞ የግራፊክስ ድራይቨሮች ስብስብ ሲሆን ከአብዛኞቹ የሊኑክስ ዴስክቶፖች ጋር አብሮ ይመጣል። የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ድጋፍም ከሊኑክስ 4.4 (እ.ኤ.አ. 2016) ጀምሮ አለ። የካርዱ አምራች ድራይቨር ቦታው አስተናጋጁ ላይ ነው።

«ከእንግዳው ወደ አስተናጋጁ የሚሄደው ሥዕል ነው»

ይህኛው ላይ ቆም ልበል፤ ሌላው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነውና።

1920 በ1080 በሆነ ስክሪን ላይ እያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ቢይዝ አንድ ፍሬም 8.3 ሚሊዮን ባይት ገደማ ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም ሲታሰብ ወደ 500 ሜጋባይት ይጠጋል። ሲፒዩው ብቻውን ሲስል ይህን ሁሉ ነጥብ አንድ በአንድ መሙላት አለበት።

አሁን ሦስት ጥርሳም ጎማዎች ሲሽከረከሩ የሚያሳየውን የታወቀ የኦፕንጂኤል መሞከሪያ አስቡ። በቨርጅል መንገድ የጥርሶቹ ቅርጽ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ይላክና የአስተናጋጁ ጂፒዩ ጋ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ በየፍሬሙ የሚሄደው «ቀዩን ይህን ያህል አዙረህ ሳል፣ አረንጓዴውን ደግሞ ይህን ያህል» የሚል ትእዛዝ ነው። መዞሩን የሚገልጸው አንድ ማትሪክስ 16 ቁጥር፣ ማለትም 64 ባይት ነው። እንግዳው ውስጥ ያለው ሜሳ ትእዛዞቹን ይደረድራል፤ የእንግዳው ከርነል ወረፋ ላይ ያስቀምጥና ኪውኢሙን ይቀሰቅሳል። ቨርጅልሬንደረር የተባለው ላይብረሪ አንብቦ በአስተናጋጁ ኦፕንጂኤል ዳግም ይጠራቸዋል። የተጠናቀቀው ሥዕል ቀድሞውኑ አስተናጋጁ ጋ ስለሆነ ወደ እንግዳው ሳይመለስ መስኮቱ ላይ ይወጣል።

ማሳያው በቪኤንሲ ከሩቅ የሚታይ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ያኔ ሥዕሉ ከጂፒዩ ተነብቦና ተጨምቆ መሄዱ አይቀርም።

«የቪዲዮ ሜሞሪውን ከፍ ካደረግሁት ይፈጥናል»

የሚያዘገየው በአብዛኛው የሜሞሪ ማነስ ሳይሆን ደርሶ መልሱ ነው። ትእዛዞች ተጠራቅመው አንድ ላይ ሲሄዱ ደህና ነው። ፕሮግራሙ ግን በየመሀሉ «የሳልኸውን መልሰህ አሳየኝ» እያለ መልስ ከጠበቀ፣ በየጥያቄው በእንግዳውና በአስተናጋጁ መካከል ያለውን ድንበር ማቋረጥ አለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ትእዛዞች የሚልክ ጌም ክፉኛ ይጎዳል፤ በጥቂት ትእዛዝ ጂፒዩውን ከባድ ሥራ የሚያሠራ ፕሮግራም ግን ልዩነቱ እምብዛም አይሰማውም። ሼደሮችም (ጂፒዩው ላይ የሚሮጡ ትንንሽ የሥዕል ፕሮግራሞች) ደጋግመው ይተረጎማሉ፤ እንግዳው ወደ መካከለኛ ቋንቋ ይለውጣቸዋል፣ ቨርጅልሬንደረር መልሶ የኦፕንጂኤል ሼደር ቋንቋ ወደሆነው ጂኤልኤስኤል ይቀይራቸዋል፣ ከዚያ የአስተናጋጁ ድራይቨር ለካርዱ ያዘጋጃቸዋል። አዲስ ነገር ስክሪን ላይ ሲመጣ ለአፍታ ቀጥ የሚለው አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው።

«ኦፕንጂኤል ከሠራ ቩልካንም ኩዳም ይሠራል»

ቨርጅል የሚያውቀው ኦፕንጂኤልን ነው። ከኦፕንጂኤል በኋላ ለመጣው የግራፊክስ ትእዛዝ ስብስብ ለቩልካን ቬነስ የተባለ ሌላ መንገድ ተሠርቷል፤ ኪውኢሙ የተቀበለው በ9.2 እትሙ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2024 ነው። ጂፒዩን ለስሌት የሚያገለግለው የኤንቪዲያ ኩዳ በሁለቱም አያልፍም። የኤአይ ሞዴል ማሠልጠን የፈለገ ሰው ፓስስሩን ይጠቀም፣ ወይም ሥራውን አስተናጋጁ ላይ ያካሂድ።

«ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ያለ ነገር ወደ ውጭ አይወጣም»

ትእዛዝ ማስተላለፍ ማለት እንግዳው የጻፈውን አስተናጋጁ እያነበበ ይፈጽማል ማለት ነው። አንባቢው ላይ ስህተት ካለ በሩ እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የደኅንነት ተመራማሪው ኮስትያ ኮርቺንስኪ ቪኤምዌር የተባለውን የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር የግራፊክስ ካርድ ኮድ ስህተት ተጠቅሞ ከእንግዳው ወጥቶ አስተናጋጁ ላይ ኮድ ማስኬድ እንደሚቻል በብላክ ሃት የደኅንነት ጉባኤ አሳይቷል፤ ሥራውንም ክላውድበርስት ብሎታል። ቨርጅልሬንደረርም ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ከተፈቀደው የሜሞሪ ወሰን ውጭ የሚጽፍ ስህተት ተገኝቶ ታርሟል።

ስለዚህ እንግዳውን ብቻ አፕዴት አድርጎ መቀመጥ አይበቃም፤ ቨርጅልሬንደረር ያለው አስተናጋጁ ላይ ነው። እኔ የማላምነውን ፕሮግራም የምሞክርበት ማሽን ላይ ስሪዲውን አጠፋለሁ፤ ቢንቀራፈፍም ይንቀራፈፍ።