የኮርማ የቁመና ብቃት ምንድን ነው?

የቁመና ብቃት ማለት ለዝርያ የሚመረጥ ኮርማ አጥንቱ፣ መገጣጠሚያው፣ ጅማቱና ሰኮናው ተስማምተው የተሠሩ ሆነው፣ ለብዙ ዓመታት ሳያነክስ እንዲራመድ፣ እንዲግጥና ላሞችን እንዲሰርር የሚያስችሉት መሆኑ ነው። ከውፍረትም ከውበትም የተለየ ነገር ነው። ገበያ ላይ ዓይን የሚስበው የሻኛው ቁመት፣ የቆዳው ማማርና የታፋው ሙላት ቢሆንም፣ ስብ ብዙ ጉድለት ይሸፍናል፤ ስለዚህ ኮርማ የሚመርጥ ሰው ምዘናውን ከጀርባ ሳይሆን ከመሬት፣ ማለትም ከሰኮና መጀመር አለበት።

ምክንያቱ የኮርማው ሥራ ነው። በተፈጥሮ ስሪያ በሚረባ የሥጋ ከብት መንጋ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ኮርማ ከ20 እስከ 30 ላሞች ይመደቡለታል፤ የደራችውን፣ ማለትም ኮርማ የፈለገችውን ላም ፈልጎ የሚያገኛት በእግሩ ነው። ላሟ ላይ በሚወጣበት ጊዜ ደግሞ የሰውነቱ ክብደት በኋላ እግሮቹ፣ በተለይም በጉልበቱና ከጉልበቱ በታች ባለው መታጠፊያ፣ በቋንጃው ላይ ያርፋል። እግሩን የሚያመው ኮርማ የዘር ፈሳሹ ተመርምሮ እንከን ባይገኝበት እንኳን ላሞቹን ሳያስረግዝ ወቅቱ ሊያልፍ ይችላል።

ኮርማው ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ በራሱ ፍጥነት ሲራመድ በመጀመሪያ ከጎን ይታያል። የኋላ ሰኮናው የፊተኛው ትቶት በሄደው ዱካ ላይ ወይም በጣም ቀርቦ ማረፍ አለበት፤ ይህን ለማየት ዝናብ ያረጠበው መሬት እጅግ ይረዳል። የኋላው ዱካ በጉልህ ወደኋላ ከቀረ እርምጃው አጥሯል ማለት ነው፤ መንስኤውም ሕመም ወይም የቋንጃው ከመጠን በላይ ቀጥ ማለት ሊሆን ይችላል። ቀጥ ያለ ቋንጃ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚመጣውን ጫና የሚያበርድበት መታጠፊያ ስለሚያንሰው፣ መገጣጠሚያው ውኃ ይቋጥራል፣ ያብጣል፣ ከጊዜ በኋላም ይጎዳል። በተቃራኒው እንደ ማጭድ የታጠፈ ቋንጃ ያለው ኮርማ ክብደቱን ተረከዙ ላይ ስለሚጥል፣ ተረከዙ እያለቀ የሰኮናው ጫፍ ይረዝማል። ሁለቱም እንከን ናቸው፤ በእኔ አመለካከት ግን ለኮርማ የከፋው ቀጥ ያለው ነው፣ ምክንያቱም ጉዳቱ መገጣጠሚያው ውስጥ ስለሚደርስ በሰኮና ማስተካከል አይታረምም።

ከኋላ ሲታይ ቋንጃዎቹ ወደ ውስጥ በጥቂቱ ቢጠጋጉ ብዙ አያሳስብም። በጣም ከተጠጋጉ ወይም ወደ ውጭ ከተለጠጡ ግን አንደኛው የሰኮና ክፋይ ከሌላው የበለጠ ጫና ይሸከማል። ጤናማ ሰኮና ሁለቱ ክፋዮቹ እኩል ናቸው፤ ጫፎቻቸው ወደፊት ያመለክታሉ፣ ተረከዙ ጥልቀት አለው፣ ከቁርጭምጭሚቱ ጋርም ከመሬት ወደ 45 ዲግሪ የሚጠጋ ማዕዘን ይሠራል። የሰኮናው ጫፎች ከተቆላለፉ ችግሩ በዘር ሊተላለፍ የሚችል ስለሆነ፣ ሻጩን ሰኮናው መቼ እንደተከረከመ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ክርከማ መልኩን ያሳምራል እንጂ ለጥጃዎቹ የሚያወርሰውን አይለውጥም።

በአሜሪካ አንገስ የተባለው የሥጋ ከብት ዝርያ አርቢዎች ማኅበር ይህን ጉዳይ ከዓይን ግምት አውጥቶ በቁጥር እንዲመዘገብ አድርጓል። የሰኮና ክፋዮች አቀማመጥና የእግር ማዕዘን እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ የሚፈለገው መካከለኛው 5 ነው፣ ወደ ሁለቱም ጫፍ መራቅ እንከን ነው። ከፍተኛውን ቁጥር ማሳደድ ለለመደ አርቢ ይህ ትልቅ ትምህርት ይመስለኛል፤ የእግር ጥሩነት ያለው በልኩ ላይ ነውና።

በእኛ አገር የቦረና ከብት ጉዳይ ተለይቶ መታየት ይገባዋል። በበጋ ከብቶቹ ከግጦሽ ወደ ውኃ ጉድጓድ ረጅም መንገድ ስለሚጓዙና ውኃ የሚያገኙት በየሁለትና ሦስት ቀኑ ሊሆን ስለሚችል፣ መጥፎ እግር ያለውን እንስሳ መንገዱ ራሱ ሲለየው ኖሯል። ኮርማው በረት ውስጥ ታስሮ፣ እህልና ፋጉሎ እየቀረበለት ሲያድግ ግን ይህ ማጣሪያ ይቀራል፣ ኃላፊነቱም ወደ መራጩ ይዛወራል። በእህል ብዛት በፍጥነት የደለበ ወይፈን ሰኮናው ውስጡ ሊቆጣ ይችላል፤ በሰኮናው ግድግዳ ላይ ዙሪያውን የሚታዩት ጎላ ያሉ ቀለበቶች እድገቱ መዛባቱን ይጠቁማሉ። ሻኛ ባላቸው ዝርያዎች ደግሞ የብልቱ ሽፋን በጣም ዝቅ ብሎ የሚንጠለጠል ከሆነ በቁጥቋጦና በእሾህ ይቧጨራል፣ ይቆስላል፤ እንዲህ ያለውን ወይፈን ገና በጠዋቱ ከምርጫ ማውጣት ይሻላል። ከተቻለ እናቱንም ማየት ነው፤ አርጅታ በደህና እግር የምትሄድ ላም ለልጇ ጥሩ ምስክር ናት።

ምዘናው አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃ አይደለም። ዘር በኮርማው ቆለጥ ውስጥ ተሠርቶ እስኪበስል ሁለት ወር ያህል ስለሚፈጅና በሰኮና ቁስል ምክንያት የሚመጣ ትኩሳት የዘሩን ጥራት ለሳምንታት ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ኮርማው በየዓመቱ ከስሪያው ወቅት ሁለት ወር ቀደም ብሎ እንደገና ሲራመድ መታየት አለበት፤ ያነከሰው ታክሞ እስኪድን ወይም ሌላ እስኪተካ ጊዜ የሚኖረው ያኔ ነው።