ኢቴሪየምና ዲፋይ፦ ለጀማሪዎች አጠቃላይ ዳሰሳ

ብሎክቼይን የጋራ የሒሳብ መዝገብ ነው። የእቁብ ደብተር ጸሐፊው ጋ ብቻ ከመቀመጥ ይልቅ ቅጂው በየአባሉ ቤት ቢኖር፣ አንዱ ቢደልዝ ሌሎቹ ወዲያው ያውቁበታል። ብሎክቼይን ይህንን በሺዎች በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ነው የሚሠራው። ዝውውሮቹ በጥቅል በጥቅል ይመዘገባሉ፤ አዲሱ ጥቅል ከቀዳሚው ጋር ስለሚቆላለፍ የቆየውን መነካካት እጅግ ከባድ ነው።

ፈር ቀዳጁ ዲጂታል ገንዘብ ቢትኮይን በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ሥራ ጀመረ። ፈጣሪው ሳቶሺ ናካሞቶ ማን እንደሆነ እስካሁን ያከራክራል።

ኢቴሪየም የተባለው ሌላ ብሎክቼይን ከዚያ አልፎ ሄደ። ወጣቱ ቪታሊክ ቡተሪን ሐሳቡን በ2013 ጻፈው፣ መረቡ በጁላይ 2015 ተከፈተ። ትልቁ ነገር ስማርት ኮንትራት ነው፦ መዝገቡ ላይ የተቀመጠ ፕሮግራም፣ ሁኔታው ሲሟላ ማንንም ሳያስፈቅድ ገንዘቡን የሚያንቀሳቅስ።

በ2016 ግን ከባድ ፈተና መጣ። ዘ ዳኦ የተባለ የጋራ ፈንድ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ኢተር (የኢቴሪየም ገንዘብ) ሰብስቦ ነበር። ኮዱ መጀመሪያ ገንዘቡን ይልካል፣ የአባሉን ቀሪ ሒሳብ የሚያስተካክለው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ አጥቂ ይህችን ክፍተት አገኘና ቀሪው ሳይቀነስ ደጋግሞ እየጠየቀ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ኢተር ወሰደ፤ ደግነቱ ገንዘቡ ለሳምንታት ከኮንትራቱ መውጣት አይችልም ነበር። የኢቴሪየም ተጠቃሚዎች ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ አብዛኞቹ ጁላይ 20 ቀን መረቡን ለሁለት ከፍለው በአዲሱ ሰንሰለት ላይ ገንዘቡን ለባለቤቶቹ መለሱ። ትክክል ነበሩ። «መዝገብ አይነካም» ያሉት በአሮጌው ሰንሰለት ላይ ኢቴሪየም ክላሲክ ብለው ቀጠሉ።

ዲፋይ የሚባለው በእነዚህ ኮንትራቶች ያለ ባንክ መበደር፣ ማበደርና መመንዘር ነው። ሜከርዳኦ የተባለው ፕሮጀክት በ2017 ከዶላር ጋር እኩል እንዲሆን የታሰበውን ዳይ የተባለ ዲጂታል ገንዘብ አመጣ። 100 ዳይ ለመበደር ቢያንስ 150 ዶላር የሚያወጣ ኢተር ማስያዝ ያስፈልግ ነበር፤ የኢተር ዋጋ ወርዶ ማስያዣው ከዚህ ካነሰ ኮንትራቱ ራሱ ይሸጠዋል። በ2018 ዩኒስዋፕ ተከተለ፦ ሰዎች ሁለት ዓይነት ዲጂታል ገንዘብ ጥንድ አድርገው ያዋጣሉ፣ መንዛሪው ከዚያ ይመነዝራል፣ ክፍያው ለአዋጪዎቹ ይደርሳል። በ2020 ዘርፉ ፈነዳ። በ2022 ደግሞ ኢቴሪየም ማይኒንግን (ኮምፒውተሮች በከባድ ስሌት እየተወዳደሩ አዲስ ጥቅል የሚጨምሩበትን ዘዴ) አቁሞ የኤሌክትሪክ ፍጆታውን ከ99 በመቶ በላይ ቀነሰ፤ እጅግ የሚያኮራ ሥራ ነው።

አደጋውም እውነት ነው። የዋሌቱ (የዲጂታል ቦርሳው) ሚስጥራዊ መክፈቻ ቃላት የጠፉበት ሰው ገንዘቡን የሚያስመልስለት ቢሮ የለም። እዚህ አገር ደግሞ ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ (በእነዚህ ዲጂታል ገንዘቦች) መገበያየት እንደማይፈቀድ አስጠንቅቋል።