የአትሜጋ328ፒን ፍላሽ ሜሞሪ ሳይታሰብ ከመደምሰስ መጠበቅ

አትሜጋ328ፒ አርዱይኖ ኡኖ ላይ የሚገኘው ባለ 8 ቢት ማይክሮኮንትሮለር ነው። ይህ ቺፕ የሚገኝበት የኤቪአር ቤተሰብ የተጠነሰሰው በኖርዌይ ሲሆን መጀመሪያ ያመረተው አትሜል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ማይክሮቺፕ አትሜልን ገዛው።

32 ኪሎባይት ፍላሹ (ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ሜሞሪ) በ128 ባይት ገጾች የተከፈለ ነው። ቺፑ ራሱን ሲጽፍ የሚደመስሰው ገጹን በሙሉ ስለሆነ፣ አንዲት የተሳሳተች ትእዛዝ ብዙ ታበላሻለች። ፍላሹ የሚጻፈው በሁለት መንገድ ነው፦ ከውጭ በፕሮግራመር (ከቺፑ ጋር በሚገናኝ የመጻፊያ መሣሪያ)፣ ከውስጥ ደግሞ ቡትሎደሩ (አዲስ ፕሮግራም ተቀብሎ ፍላሹ ላይ የሚጽፈው ትንሽ ፕሮግራም) በሚጠቀምባት ኤስፒኤም ትእዛዝ። ለእያንዳንዱ የተለየ ሎክ ቢት (የመቆለፊያ ቢት) አለው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ኤልቢ የተባሉት ሁለት ቢቶች የሚመለከቱት ፕሮግራመሩን ብቻ ነው፤ ኤስፒኤምን አያግዱም። ኤስፒኤምን የሚያግዱት የቡት ሎክ ቢቶች ናቸው፦ ቢኤልቢ0 የአፕሊኬሽኑን ክፍል፣ ቢኤልቢ1 የቡትሎደሩን ክፍል ይጠብቃል፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ቢት ናቸው። በኤቪአር 0 ማለት ተቆልፏል፣ 1 ማለት ክፍት ነው። ቢኤልቢ1 10 ሲሆን ኤስፒኤም ቡትሎደሩ ላይ መጻፍ አይችልም፤ 00 ሲሆን በተጨማሪ ከአፕሊኬሽኑ ክፍል ቡትሎደሩን ማንበብ ይከለከላል። በቡትሎደር የማይታደስ መሣሪያ ከሆነ ቢኤልቢ0ም 10 ይሁን። በቡትሎደር የሚጫን ቦርድ ላይ ግን ይህን ማድረግ አዲስ ፕሮግራም መጫን ይከለክላል።

ሎክ ቢት ከ0 ወደ 1 የሚመለሰው ቺፑ ሙሉ በሙሉ ሲደመሰስ ብቻ ነው። ይህን ድምሰሳ የሚከለክል ሎክ ቢት የለም። ኤቪአርዱድ የተባለው የመጫኛ ሶፍትዌር ፍላሽ ከመጻፉ በፊት በነባሪው ቺፑን ይደመስሳል፤ ስለዚህ የተቆለፈ ኡኖ ላይ በፕሮግራመር ስኬች (የአርዱይኖ ፕሮግራም) የጫነ ሰው ቡትሎደሩንም መቆለፊያውንም ያጣል። ፊውዞቹ (የቺፑን አሠራር የሚወስኑት የቅንብር ቢቶች) ግን አይነኩም። የሪሴት ፒንን በፊውዝ ማጥፋት ይህን በፕሮግራመር የመደምሰሻ መንገድ ይዘጋል፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ ቺፑን የሚመልሰው 12 ቮልት የሚጠቀም ፕሮግራመር ብቻ ስለሆነ ለተራ ሥራ አይመከርም።

ሁለተኛው አደጋ የቮልቴጅ መውረድ ነው። ኃይል ቀስ ብሎ ሲጠፋ ሲፒዩው ትእዛዝ አሳስቶ ሊፈጽም፣ ወደ ቡትሎደሩ የመጻፊያ ክፍል ሊዘልም ይችላል። የኤስፒኤም መቆጣጠሪያ ሬጅስተር ከተጻፈ በ4 የክሎክ ዑደት ውስጥ ትእዛዟ መከተል አለባት፤ ጥሩ ጥንቃቄ ነው፣ ነገር ግን ፕሮግራሙ ሬጅስተሩን ወደሚጽፈው መስመር ራሱ ከዘለለ አይረዳም። መድኃኒቱ ቮልቴጁ ሲወርድ ቺፑን ሪሴት ላይ የሚይዘው ብራውን-አውት ዲቴክተር ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ጠፍቶ ይመጣል፤ በፊውዝ 1.8፣ 2.7 ወይም 4.3 ቮልት ይመረጣል። ኡኖ የሚጠቀመው 2.7 ነው። አንዳንዶች ይበቃል ይላሉ፤ ይሁንና ቺፑ በ16 ሜጋኸርዝ በትክክል እንዲሠራ የአምራቹ ሰነድ 3.78 ቮልት ገደማ ስለሚጠይቅ፣ ለ5 ቮልት ቦርድ ትክክለኛው 4.3 ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ፊውዝ፣ ቀጥሎ ቡትሎደሩና ፕሮግራሙ ተጽፈው ተነብበው ይመሳከራሉ፣ ሎክ ቢት መጨረሻ። ኤልቢ ከተቆለፈ ፊውዞቹም ስለሚቆለፉ የተረሳ ፊውዝ ለማስተካከል ሁሉን ደምስሶ እንደገና መጀመር ግድ ይሆናል።

ኤስቲኤም32ኤፍ103 የተባለው ሌላ ማይክሮኮንትሮለር በሌላ መንገድ ይሠራል፤ ከሪሴት በኋላ ፍላሹ ተቆልፎ ይነሳል፣ የሚከፈተውም ሁለት ቁጥሮች በተራ ሲጻፉ ነው። ተራቸው ከተዛባ እስከሚቀጥለው ሪሴት ድረስ አይከፈትም።